የአደራው አሞሌ

ዛሬ ከሰዓት፣ ቆሰበር ከተማ ካለው ቤቴ ተቀምጬ፣ ጠብታ ፍም ላይ ወድቆ «ጭስስ» ሲል ሰማሁ። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል።

ይህን ድምፅ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ያኔ እህሉም ቅቤውም ማሩም ሞልቶን ጨው ብቻ ከሩቅ አገር በአጋሰስ ይመጣልን ነበር። አንድ የጨው ነጋዴ ቤታችን አደሩና፣ «ከአባይ ማዶ ቡና ይዤ ስመለስ እወስደዋለሁ» ብለው አንድ አሞሌ ጨው ለእናቴ አደራ ሰጥተው ወረዱ። ክረምቱ ገባ። አባይ ሞላና መንገዱ ተዘጋ።

የእኛ አገር እርጥበት ጨው ያሟሟል። ስለዚህ እናቴ አሞሌውን በልጥ አሥራ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ጉም ቤት ሲገባ ግን ያልበው ነበር፤ ጠብታው እሳቱ ላይ ይንጫጫል። እኛ ከሥሩ ተቀምጠን ጨው የሌለው ጎመን እንበላለን።

«እማዬ፣ ለጎመኑ ትንሽ ብንፍቅለትስ?»

«የሰው አደራ ነው። አርፈሽ ብይ!»

ክረምቱ ወጣ፤ ነጋዴው ግን ከአባይ አልተመለሱም። ጥር ላይ፣ ምድሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ አሞሌው መንጠባጠብ ጀመረ። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ በሩን አየች።

«እሳቱን አንድጂ» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንግዳው ርሰው እየመጡ ነው።»

በርጩማ ወደ ምድጃው አስጠጋች፤ የበሩን መቀርቀሪያ አነሣች። ማንም አልገባም። ሲነጋ ግን በርጩማው ውኃ አቁሮ ነበር።

እናቴ ስትሞት አደራው ወደ እኔ ዞረ። አሁንም ከምድጃዬ በላይ ተሰቅሏል።

«ጭስስ።»

በርጩማውን ወደ እሳቱ አስጠጋሁና ሄጄ መቀርቀሪያውን አነሣሁ።