ጀማለዲን ሚስቱን የጠረጠረበት ዓመት

ሰርቦ ገበያ ላይ ቡና ይዞ የሚወጣ ገበሬ ሁሉ ጀማለዲንን ያውቀዋል፤ ይወደዋል ማለት ግን አይደለም። ጀማለዲን ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል፣ ሰብሳቢ ነው። ሌላው ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ አይቶ ሲመዝን፣ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ ጆንያው ሆድ ይሰደዋል። ከሥር እርጥብ ተደብቆ እንደሆነ፣ ጠጠር ተቀላቅሎ እንደሆነ በጣቶቹ ለይቶ ያወጣዋል። ገበሬው ወላሂ ብሎ ሲምልለት "ኤዬ፣ እሺ" ይላል እንጂ እጁን አያወጣም። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ሲኖር የተማረው ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲምል ይበልጥ መፈተሽ እንዳለበት ነው።

ተወልዶ ያደገው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። ጭር ባለ ቤት ማደጉ ስላልጣመው፣ ሲያገባ ቤቱን በልጅ እንደሚሞላ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ያገባት ሳቢሪን የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሥራ የማይከብዳት ሴት። መጀመሪያ ፋሂም ተወለደ፣ ቆይታ ሂንድ መጣች። የሂንድ ምጥ ግን ክፉ ነበር። ሳቢሪን ብዙ ደም ፈስሷት ጅማ ሆስፒታል ገብታ በአላህ ፈቃድ ተረፈች። ያን ጊዜ ሐኪሙ ጀማለዲንን ለብቻው አስጠርቶ፣ ለጥቂት ዓመታት እንዳትጸንስ መጠንቀቅ አለባችሁ ብሎታል። ጀማለዲን አመስግኖ ወጣ፤ ቤት ሲገባ ግን ለማንም አላነሳውም።

ሳቢሪን ራሷ አነሳችው። ሂንድ ገና ጡት ሳትተው አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ መከላከያ ብወስድ ምን ይመስልሃል ብላ ጠየቀችው። ልጅ የሚገድል ነገር እኔ ቤት አይገባም አላት። መከላከልም ማስወረድም ለሱ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም የአላህን ስጦታ እምቢ ማለት ነው አለ። ሳቢሪን ሳህኑን አንስታ ወጣች። እሱም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ፣ ልጅ ግን አልመጣም። ጀማለዲን ዱዓ ያደርጋል፣ ሳቢሪን አሚን ትላለች።

ባለፈው ክረምት ሳቢሪን ትኩሳት ይዟት ተኛች። ጀማለዲን ደግፎ ሊያስነሳት ግራ ክንዷን ከውስጥ በኩል ሲይዛት፣ ጣቱ ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር ነካ። የክብሪት እንጨት የምታህል፣ ቀጥ ያለች፣ ሲጫኗት ሸርተት የምትል ነገር ናት። ሳቢሪን ክንዷን መንጭቃ ሻርፗን ሳበችበት።

"ጅማት ነው" አለችው።

ጀማለዲን ምንም አልጠየቃትም ነበር። ያልጠየቀውን መመለሷ ነው ሲበላው የሰነበተው።

መጋዘኑ ውስጥ ሚዛኑን የሚቆጣጠርለት ጣሰው የሚባል ሰው አለ። አባቱ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው የሚናገር፣ ጾም የማይገድፍ ክርስቲያን ነው። ጀማለዲን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ ጠየቀው። አንድ የማውቀው ሰው ሚስቱ ክንዷ ላይ መከላከያ አስቀብራ አገኛት፣ እናንተ ዘንድ ይህ ምን ይባላል አለው። ጣሰው በእኛም አይፈቀድም አለ። ልጅ መመጠን የፈለጉ ባልና ሚስት በጾሙ በበዓሉ ተለያይተው ይደሩ ነው የሚባለው። የራሱ ሚስት ግን ለዓመታት መርፌ ስትወጋ ኖራ ለንስሐ አባቷ ተናግራለች፤ እሳቸውም ተቆጥተው ስግደት ሰጥተዋታል። አንዲት ጎረቤታቸው ያስወረደች ጊዜ ግን፣ ራሷ ለሚስቱ እንደነገረቻት፣ እኚሁ ቄስ ነፍስ አጠፋሽ ብለው አልቅሰዋል፤ የሰጧትም ቀኖና የዓመታት ነው።

ጀማለዲን ይህን ሲሰማ ሁለቱ ነገሮች በሌላው ሃይማኖት እኩል እንደማይመዘኑ ገባው። ይሁን እንጂ ወደ ቤቱ ይዞት የሄደው የጣሰውን ወሬ አልነበረም። ጥግ ላይ ቡና ይለቅሙ ከነበሩት ሴቶች አንዷ፣ ያ የሚቀበረው እኮ አይከለክልም፣ በየወሩ የተጸነሰውን ሆድ ውስጥ ነው የሚገድለው ስትል ሰምቷል። ሌሎቹም እውነት ነው ብለዋታል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የኋላውን መቁጠር ጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት በቡና ወቅት እሱ ሊሙ ገነት ሰንብቶ ነበር። ሳቢሪን በዚያው ሰሞን ልጆቹን ይዛ ቦሳ ኪቶ እህቷ ባህሪያ ዘንድ ሄዳ፣ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። ወባ ነው አለችው፤ እሱም አመናት። አሁን ግን ያ ወባ ወባ አልመስለው አለ። ምግብ ስታቀርብለት እጇን ያያል። ስልኳ ሲጠራ ጆሮው ይቆማል። ገበያ ውላ ስትመጣ በየት በኩል እንደመጣች ይጠይቃታል። ሳቢሪንም መታየቷ ገብቷት ይበልጥ ዝም አለች፤ ዝምታዋን ደግሞ እሱ እንደ ጥፋተኝነት ቆጠረባት።

አንድ ቀን ጠዋት ሳይናገር ከሰርቦ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጅማ ገባ። ባህሪያ በር ላይ ስታየው ደነገጠች፤ ሳቢሪን ምን ሆነች ብላ ጮኸች። ደህና ናት አላት። ተቀምጦ ስለ ቡናው፣ ስለ ልጆቹ ሲያወራ ቆይቶ፣ እንደ ዘበት፣ ያኔ ወባ ይዟት አንቺ ዘንድ የተኛች ጊዜ አስቸገረችሽ ወይ አላት። ባህሪያ ረስታው ነበርና፣ አልሃምዱሊላህ ደሙ ቆመላት ብላ ጀመረች። ከዚያ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

ወባ ደም አያፈስም። ጀማለዲን የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ተነሳ።

ሰርቦ ሲመለስ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ሔራን ለሥራ ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት ነርስ ናት። የሚስቱን ስም ጠርቶ ምን እንዳደረገችላት ጠየቃት። ሔራን በትሕትና፣ ስለ ሌላ ሰው አልነግርዎትም፣ ባለቤትዎን ይጠይቁ አለችው። ተቆጣ። ልጆቼን ስትገድሉ እኔ ማወቅ የለብኝም ወይ አላት። ሔራን ድምጿን ሳትጨምር አስረዳችው። በክንድ የሚቀበረው እንዳይጸነስ ነው የሚከለክለው፤ የተጸነሰውን አያስወርድም። እሷ ራሷ ሃይማኖቷን ስለምትፈራ ማስወረድ ውስጥ እጇን አታስገባም፤ የሚጠይቋትን ወደ ሌላ ባለሙያ ትልካቸዋለች። ይህኛውን ግን ስትሠራው ትውላለች፤ አንዳንዱን እናት ከዚያኛው ያዳንኩ ይመስለኛል አለችው። ጀማለዲን አላመናትም፤ ይህም ያም ያው ነው ብሎ አሰበ። እየወጣ ሳለ እንኳ፣ ሚስቴን የምታውቅ ባትሆን ኖሮ ለምን ይህን ሁሉ ትነግረኛለች ይል ነበር በልቡ።

ያልጠየቃቸው የመስጊዱ ሼህ አባ ቢያ ብቻ ቀሩ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ተቀምጠው አገኛቸው። ለሳቸው ግን የሌላ ሰው ነው አላላቸውም። ሼሁ እስኪጨርስ ሰሙት። በነቢዩ ዘመን ባልደረቦቻቸው፣ ሶሃባዎች፣ ሚስቶቻቸው እንዳይጸንሱ ይጠነቀቁ እንደነበር፣ ይህም እንዳልተከለከለ ነገሩት። ያልተፈጠረን ማዘግየትና የተፈጠረን ማጥፋት አንድ አይደለም አሉት። ሩሕ፣ ነፍስ፣ ከተነፋበት በኋላ ማስወረድ፣ የእናቲቱ ነፍስ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር፣ ሐራም ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ሊቃውንቱ፣ ዑለማዎች፣ ተለያይተዋል፣ ብዙዎቹም አይወዱትም። መከላከሉ ደግሞ ባልና ሚስት ተስማምተው የሚሆን ነው፤ አንዱ ከሌላው መደበቁ ልክ አይደለም። ጀማለዲን የመጨረሻዋን ሲሰማ ደስ አለው።

"ሐኪም ከልክሏት ነበር?" አሉት ሼሁ።

"አላውቅም" አላቸው።

ሼሁ ቀና ብለው አዩት። "ይህን ሁሉ ሰው ስትጠይቅ እሷን ጠይቀሃታል ወይ? መጥፎ ጥርጣሬም ወንጀል ነው፣ ልጄ። ሂድና ጠይቃት።"

ሳቢሪን ከቤቱ ጓሮ ንጣፍ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጇ እያገላበጠች ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ጀማለዲን አጠገቧ ቆመ።

"ባህሪያ ጋ ሄጄ ነበር" አላት።

"ነግራኛለች።"

"ወባ አልነበረም።"

"አልነበረም" አለች። እጇ ግን ማገላበጡን አላቆመም። "ጸንሼ ነበር።"

ጀማለዲን የጠረጠረውን ሲሰማ ደስ የሚለው መስሎት ነበር። ንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሳቢሪን አንድ በአንድ ነገረችው። ሂንድን ስትወልድ ያየችውን ሞት ዳግመኛ ላለማየት ፈርታ ነበር። እሱ ሊሙ በሄደበት ሰሞን መጸነሷን ስታውቅ፣ ልጆቼ ያለ እናት ሊቀሩ ነው ብላ እንቅልፍ አጣች። ጅማ የሄደችው ልታስወርድ ነው። ከአንድ ሰው መድኃኒት ገዝታ በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ እህቷ ቤት ገባች። ልትውጠው ውሃ ቀዳች፤ አልቻለችም። ሽንት ቤት ጨመረችው። በማግስቱ ግን ደሙ በራሱ መጣ።

"አልዋጥኩትም" አለች። "ግን ፈልጌው ነበር። አላህ የልቤን ሰምቶ ይሆን እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የምሰግደው። ከዚያ በኋላ ሔራን ጋ ሄድኩ። ያ ነገር ዳግመኛ እንዳይመጣብኝ ነው ያስቀበርኩት።"

"ልትነግሪኝ አትችይም ነበር?"

"ጠይቄህ ነበር እኮ፣ የፋሂም አባት። ሁለቱ አንድ ነው አልከኝ። መከላከሉን ስትከለክለኝ ማስወረዱ ዘንድ ደረስኩ።" እጇን ከቡናው አነሳች። "ታምነኛለህ?"

ጀማለዲን ተነስቶ መጋዘን ሄደ፤ ለጥቂት ቀናትም እዚያው አደረ።

ጣሰው ምን ሆንክ ሳይለው ምግብ ያመጣለት ነበር። ጀማለዲን በቡና ጆንያዎቹ መካከል ተጋድሞ የሰማውን ሲመረምር ይውላል። አልዋጥኩትም ያለችው እውነት ቢሆንስ፣ ባይሆንስ? ባህሪያ በስልክ ወላሂ ብላ ምላለታለች፤ እህት ለእህቷ ምን አትምልም? እዚህ ውስጥ ክንዱን ሰዶ የሚዳስሰው ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ ጉድጓድ ገብቷል፤ ደሙም ከፈሰሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህ ሲሽከረከርበት አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እየመጣ ያስቸግረው ጀመር። ሼሁን አላውቅም ብሎ ዋሽቷቸዋል። ሐኪሙ ነግሮታል። እሷ በፍርሃት ስትኖር የፍርሃቷን ምክንያት እሱ ከሷ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ቤት የተመለሰ ዕለት ይህንኑ ነገራት። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም፤ ሐኪሙ ያለውን ብቻ እንዳለ ነገራት። ያስቀበርሽው ይቆይ፣ ጊዜው ሲያልቅ አብረን እንወስናለን ብሎ ጨመረ። የታረቁ መስሎት ነበር።

ሳቢሪን ግን "ያን ሁሉ ዓመት ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አውቅ ነበር።"

"አሚን ስታሰኘኝም?"

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ጀማለዲን እንደ ድሮው ባይሆንም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አንዳንድ ቀን ዋጠችው አልዋጠችው የሚለው ጥያቄ ሲመጣበት ተነስቶ ይወጣል እንጂ ደግሞ አላነሳውም። አሁን የምትጠረጥረው ሳቢሪን ሆነች። ልጅ የሚወድ ሰው፣ ሸሪዓውም የሚፈቅድለት፣ ሌላ ሚስት አግብቶ ሌላ ቤት መሥራቱ አይቀርም ብላ ሰጋች። ከሊሙ ገነት ሲመለስ ሸሚዙን ታሸታለች። ስልክ አውርቶ ሲዘጋ ማን እንደነበር ሳይሆን ለምን ወደ ውጭ እንደወጣ ትጠይቀዋለች። ጣሰውንም በገዛ ሚስቱ በኩል አስጠይቃዋለች። ጀማለዲን ሁለተኛ ሚስት አላሰበም፤ ቢያንስ ለጣሰው እንዲህ ነው ያለው። አላሰብኩም ብሎ ቢምልላት ግን እንዴት እንደምትሰማው ያውቃል፤ ስለዚህ አልማለላትም።

ዘንድሮ ቡናው ሲደርስ እንደ ልማዱ ለሊሙ ገነት ጉዞ ተዘጋጀ። አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ሲጠብቅ፣ ሳቢሪን በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ጀማለዲን ደጃፉን ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ተመለሰ።

"ልበሽና ነይ" አላት። "ሂንድንም ያዣት። ፋሂም አክስቱ ዘንድ ይቆያል።"

"እዚያ ምን እሠራለሁ?"

"ቡና ታያለሽ፣ ሰዎቹን ታያለሽ። የማድርበትን ቤት ታያለሽ።"

ሳቢሪን ፊቱን አይታ አይታ ገባች። ቆይታ ሌላ ቀሚስ ለብሳ፣ ሂንድን በእጇ ይዛ ወጣች፤ ከሹፌሩ ቀጥሎ ጀማለዲን፣ በበሩ በኩል እሷ ተቀመጡ። ሰርቦን ለቀው እስኪወጡ አንዳቸውም አልተናገሩም፤ ሂንድ ብቻ የምታየውን ዛፍና ከብት ሁሉ ስም እየጠራች ትጠይቃቸው ነበር፣ እነሱም በየተራ ይመልሱላት ነበር።