መመለሻ ቲኬት የሌለው ባለ ዶቅዶቄ

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቁርሴን ምን እንደበላሁ ረስቼ ለልጅ ልጆቼ መሳቂያ በሆንኩበት በዚህ ዕድሜ፣ በአሶሳ ኬላ ላይ ያሳለፍኳትን አንዲት ዓርብ ግን ከነአቧራዋ አስታውሳታለሁ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የኬላ ጸሐፊ ነበርኩ። ከኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግሮ ወደ አሶሳ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ፊት ይቆማል፤ ማኅተሙ በእጄ ነው። አቤት ስኮራበት! አልፎ አልፎ በሞተር ብስክሌት ዓለምን የሚዞሩ ፈረንጆች ብቅ ይላሉ። የሚጠየቁት የታወቀ ነው፤ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት፣ የክትባት ካርድ፣ ሞተሩ ተመልሶ ከአገር እንደሚወጣ የሚመሰክር ወረቀት፣ ከዚያ ደግሞ የመመለሻ ቲኬት። የመሄጃ ብቻ የያዘ አይገባም። ከመመሪያው ግርጌ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ መመለሻ የሌለው ሰው የአገሬው ሰው ዋስ ከሆነው ይግባ ትላለች። ያቺን መስመር በቃሌ አውቃት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አንድ ዶቅዶቄ አካባቢውን በጩኸት እያመሰ መጣ። ፈረንጅ ነው ብዬ ኮቴን ቆለፍኩ፣ ማኅተሜን አነሳሁ። መነጽሩን ሲያወልቅ የበርታ ሰው ሆኖ አረፈው! በልጅነቱ ከባምባሲ ወጥቶ፣ በሱዳን አድርጎ ባሕር ተሻግሮ፣ ኤደን ወደብ ላይ ሃያ ዓመት ሠርቶ የኖረ ሰው ነው። ፓስፖርቱም የባሕር ማዶ ነው።

እኔን ትቶ አለፈ። በር ላይ ወደቆመው ዘበኛችን ሄዶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በቋንቋቸው ሰላምታ ጀመረ። የቤቱን፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁሉ እየጠየቀ ነው መሰለኝ፣ ማለቂያ አልነበረውም። እኔ ማኅተሜን ይዤ እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ። ሁለት ጭነት አውራጆች አይተውኝ ሳቁ። ደሜ ፈላ።

ዛሬ አውቃለሁ፤ በእነሱ ዘንድ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ ሰላምታ ከታላቅ ይጀመራል። ዘበኛው ደግሞ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ሰውዬው ሃያ ዓመት ባሕር ማዶ ኖሮ ያልረሳውን ወግ፣ እኔ ሁለት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አላወቅሁትም። ንቆኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«መመለሻ ቲኬትህ የታል?» አልኩት ገና ሲቀርበኝ።

የመርከብ ቲኬቱን ዘረጋልኝ። ከኤደን እስከ ፖርት ሱዳን፣ መሄጃ ብቻ።

«መመለሻ የለም» አለኝ፤ አማርኛው እንደ አገሬው ሰው ሴትንም በወንድ ይጠራል። «አገሬ ገባሁ። እናቴ ታመመ፣ ባምባሲ ነው ያለው። መልእክት መጣልኝ፣ እሱን ለማየት ነው።»

«ኬላ ስትደርሱ የሁላችሁም እናት ትታመማለች!» አልኩት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

ዘበኛው ጠጋ አለ። «ጌታዬ፣ ወላሂ እውነት ነው። ማክሰኞ ከባምባሲ የመጣ ሰው ነገረኝ። እናቱ በጣም ደከመ፣ ልጄን ልጄን ይላል። እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

«አንተ የመንግሥት ዘበኛ ነህ፤ መንግሥት ለመንገደኛ ዋስ አይሆንም» አልኩ።

«እሺ፣ ከገበያ ሌላ ሰው ላምጣ?»

«ማንም አይሆንም! ከበላይ ፈቃድ ካልመጣ አይገባም።»

እዚያው የፈጠርኩት ሕግ ነው። ዘበኛው ማንበብ አይችልም፤ አመነኝ። ሰውዬውም አመነኝ። ዶቅዶቄውን እዚህ ልተወውና በእግሬ ሄጄ እናቴን አይቼ ልምጣ ብሎ ለመነኝ። «ያስቸገረን ሞተሩ አይደለም፣ አንተ ነህ» አልኩት። ባምባሲ በዶቅዶቄ ቢበዛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

ሦስት ቀን ኬላው ደጅ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጠ። ውኃ አስቀዳሁለት፣ ከምሳዬም አካፈልኩት፤ ደግ ሰው ነኛ! ባቀበልኩት ቁጥር «ሹክራን» እያለ ያመሰግነኛል። ወደ ባምባሲ የሚሄድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ብሎ ያያል፣ መልሶ ይቀመጣል። አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ እንዴት በተሻለኝ ነበር።

እሑድ ከተማ ወረድኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠጅ ቤት ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ንዴቴ በርዷል፤ የተለወጠው ነገር ይኸው ብቻ ነው። ግን አጥፍቻለሁ ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። «ትልቅ ሰው ለምኜ አስፈቀድኩልህ፤ ዘበኛውም ቢሆን ይፈርም ተባለ» አልኩት። ዘበኛው በአውራ ጣቱ ፈረመ። ዓርብ ያልሆነው ዋስ ሰኞ ሆነ። ሰውዬው ትከሻዬን ሳመኝ፤ ዶቅዶቄውን አስነስቶ በረረ።

ማክሰኞ ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እናቱ ሞተ፣ ጌታዬ። እሑድ ከሰዓት። ያን ቀኑን ተቀበረ። ልጁ ሳይደርስ።»

እሑድ ከሰዓት! እኔ ጠጅ ቤት ተቀምጬ ስስቅ። ሐሙስ ዕለት ከዘበኛው ጋር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ለቅሶ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የምለውን በልቤ አዘጋጀሁ፤ «ወንድሜ፣ ዓርብ ዕለት መግባት ትችል ነበር። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።» ይችው ናት። ከዚህ አትረዝምም።

ቤቱ ደጃፍ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ሞልቷል። ሰውዬው ገና ሲያየኝ ተነሳ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ከሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጠኝ። በቋንቋቸው ረዘም አድርጎ ነገራቸው፤ ከዚያ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገመው።

«ይሄ ሰው ነው ሦስት ቀን ያጠጣኝ፣ ያበላኝ። ለኔ ብሎ ትልቅ ሰው ለመነ። እሱ ባይኖር እስከ ዛሬ ኬላ ነበርኩ።»

የሟች እህት፣ ዓይኗ የደከመ አሮጊት፣ እየዳበሰች መጥታ እጇን ራሴ ላይ ጫነች። መረቀችኝ። ዘበኛው ጆሮዬ ሥር ይተረጉምልኛል። «አላህ እናትህን ያቆይልህ ይላል። እናትህ ሲጠራህ የምትደርስ ያድርግህ ይላል።»

ያዘጋጀሁት ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ እኔን እየጠበቀ ነው።

«አሜን» አልኩ።