የጀልባ ሰልባቲዮ በጅጅጋ ኬላ

ባጃጅ ጅጅጋን ባጥለቀለቀበት ሰሞን የሆነ ነው። እኔ ሰው ሲያለቅስ እንኳ የማስቅ ሰው ነኝ። ቀልድ የጠፋብኝ አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ያንን ቀን አልረሳውም።

ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ጀነሬተር በሉ፣ የውሃ ፓምፕ በሉ፣ እኔ ያላስነሳሁት ሞተር ካለ እሱ መጀመሪያም ሞተር አልነበረም!

አንድ ቀን ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ አብዲ ከበርበራ ወደብ የመጣ አሮጌ የጀልባ ሞተር ጭኖ መጣ። አጎቱ ጎዴ ላይ ዋቢ ሸበሌን ሰው በጀልባ ያሻግራል፤ ለሱ ሊልክለት ነው። ሞተሩ ደህና ነበር። ችግሩ ሰልባቲዮው ነው። በጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝ፣ ነዳጅ የሚይዝ ቀይ የብረት ሳጥን ነው። የባሕር ጨው ውስጡን በልቶት ዝገት ብቻ ሆኗል።

እንዲህ ያለውን ጠጠርና ትንሽ ቤንዚን ከተን፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርገን ዝገቱ እስኪለቅ እንነቀንቀዋለን። ክንድ ይገነጥላል። እኔ ግን ጭንቅላት አለኝ።

«አብዲ፣ የሐርተሼክ ኮረኮንች መንገድ እያለልን እኛ ምን አለፋን?» አልኩት።

ጠጠሩንና ቤንዚኑን ከተን ሰልባቲዮውን ባጃጁ ኋላ ላይ በጎማ ጠፍረን አሰርነውና ኮረኮንቹን ተያያዝነው። አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ሰልባቲዮው ከኋላችን ይንኳኳል፣ እኔ እዘፍናለሁ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ወታደሮቹ አስወረዱን።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ አለቃቸው።

«የጀልባ ነዳጅ መያዣ ነው።»

«የምን?»

«የጀልባ።»

ዙሪያውን አየ። ሜዳ፣ አቧራ፣ ግመል። «ባሕሩ የታለ?»

ይኼኔ ሰልባቲዮው ራሱ «ጠንግ» አለ። ዞር ብዬ ሳየው ሆዱ ተነፍቷል። ቤንዚኑ በፀሐይ ሞቆ መውጫ አጥቷል። አንዱ ወታደር ደግሞ ሲጋራ አፉ ላይ እንዳለ ጎንበስ ብሎ ሊያየው ነው።

«ሲጋራውን! ይፈነዳል!» ብዬ ጮህኩ።

ኬላ ላይ ይቺን ቃል የሚናገር ሰው ከኔ በቀር አላውቅም። ጠመንጃው ሁሉ ቀጭ ቀጭ አለ። አፈር ላይ በደረታችን ተኛን። አብዲ «ያ አላህ» ይላል፣ እኔ «እመቤቴ» እላለሁ።

«ዋርያ፣ አንተ ታዴ፣» አለኝ አብዲ አፈሩን እየተፋ፣ «ከሞትን አልለቅህም።»

ቀልድ የጠፋብኝ ያኔ ነው።

«አንተ!» አለ አለቃው፣ «ተነስና ራስህ ክፈተው።»

ተነሳሁ። ብከፍተው በፊቴ ይፈነዳል ብዬ ፈራሁ፣ ባልከፍተው ይተኩሳሉ። ልጆቼ በዓይኔ መጡ።

«አለቃ፣ ቆይ» አለ አንድ ረጅም ወታደር። የጓደኛውን ሲጋራ አስጣለና ብቻውን ወደ ሰልባቲዮው ሄደ። ቱቦው ላይ ያለችውን እንቁላል የመሰለች ጎማ ጨበጥ ለቀቅ አደረጋት። «ይኼማ የጀልባ ነው። ዝዋይ የአባቴ ጀልባ እንዲህ ያለ ነበረው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ራቁ ብቻ» አለና የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ቀስ እያለ ፈታት።

ፍሽሽሽሽ!

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሁላችንም አለን። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ ጠጠሩንና ሻይ የመሰለውን ዝገት መሬት ላይ ደፋው።

«ጋሼ፣ አለቀ እኮ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ለካ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

አለቃው «ሂዱ! ባሕሩን ስታገኙ ለኛም ንገሩን» አለ።

ሰልባቲዮው ግን ጠርቷል፣ እንደ መስታወት! ሞተሩም ጎዴ ሄዶ ሠርቷል። የዚያን ልጅ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ መጣሁ፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንዱ ጠመንጃ ቢተኩስ፣ ቤንዚኑ አጠገብ የነበረው እሱ ነው።

አሁንም አብዲ አጠገቤ ለስላሳ ሲከፍት ፍሽ ሲል «ታዴ፣ ይፈነዳል!» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፣ መጀመሪያ ግን እጄ ወደ ላይ ይነሳል።