መምህር ደጅይጥኑ ያጋቧቸው የእንግሊዝኛ ቃላት

መምህር ደጅይጥኑ ሰቆጣ ዙሪያ ከገበሬ ቤት ተወልደው በኽምጣኛ አፋቸውን ፈቱ፣ በአማርኛ ተገረፉ፣ በግዕዝ ዜማ ተማሩ፣ እንጀራቸውን ግን በእንግሊዝኛ በሉ። ከአራቱ ቋንቋዎች የመጨረሻውን የሚናገር ፈረንጅ በቅርብ ያዩት ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ይህ ቋንቋውን ከማስተማር አላገዳቸውም። በዚያን ጊዜ ሰቆጣ ውስጥ ማንንም አያግድም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ስገባ ለሰባ ሁለት ተማሪ አራት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረን። የአንዱን ሽፋን ፍየል በልታዋለች። መምህር ደጅይጥኑ በመጽሐፉ እጦት ብዙም አላዘኑም፤ የራሳቸው ትምህርት ነበራቸው። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለፈ ነገር የሚናገር ግስ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሄድም፤ አንዲት ትንሽ ቃል ከኋላው ትከተለዋለች። የትኛዋ ቃል የትኛውን ግስ እንደምትከተል ግን የሚያስረዳ ሕግ የለም፤ ፈረንጅ ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶት ያድጋል። እኛ የጠባነው ሌላ ስለሆነ መምህራችን መላ ፈጠሩልን፤ ቃላቱን አጋቧቸው።

«ግሱ ባል ነው፤ ትንሿ ቃል ሚስቱ ናት» ይሉ ነበር።

«ዲፔንድድ»ን ከ«ኦን» ጋር በቁርባን አጋቡት፤ ሞት ካልሆነ የሚለያቸው የለም። «ሊስንድ»፣ አዳመጠ ማለት ነው፣ እሱና «ቱ»ም ቆራቢዎች ናቸው። «ቶክድ» በሰማንያ ያገባ ስለሆነ አንድ ቀን «ቱ»ን፣ ሌላ ቀን «አባውት»ን ይዞ ቢታይ አይፈረድበትም። «ሉክድ»ን ግን ይጠሉታል።

«ከ‹አት› ጋር ያድራል፣ ከ‹ፎር› ጋር ይውላል፣ ‹አፍተር› ቤትም ሲገባ ታይቷል። ባለጌ ነው!» ይሉና ሰሌዳው ላይ የጻፉትን በንዴት ያጠፉታል።

ይህ ቃል አንዴ ማየት፣ አንዴ መፈለግ፣ አንዴ መንከባከብ ማለት እንደሆነ ያወቅነው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ የምናውቀው ጠባዩን ብቻ ነበር።

ባለቤታቸው እናትነሽ ይህን ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቤታቸው ከክፍላችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። አንድ የማኅበር ቀን ሰው በተሰበሰበበት ያዘቻቸው።

«እኔስ ላንተ ማን ነኝ? ኦን ነኝ ወይስ ፎር?»

«አንቺማ ቱ ነሽ! መቼ ሳልሰማሽ ውዬ አውቃለሁ?»

«ብትሰማኝማ ይሄን ፈረንጅኛህን ትተህ ጣራውን ታስጠግን ነበር።»

ማኅበርተኛው ሳቀ። ጣራው ግን ሁለት ክረምት አፈሰሰ።

አስተማሪነታቸው ከዜማ ቤት የመጣ ነበር። እዚያ መምህሩ ቃሉን ይመራል፣ ተማሪው ትንፋሽ ሳይወስድ ይቀበላል፣ ያመነታ ይገረፋል። እኛንም እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ያቆሙንና «ዌይትድ!» ይላሉ። «ፎር!» እንላለን። «አራይቭድ!» «ኢን!» በዓመቱ መጨረሻ ከእንቅልፋችን ቀስቅሶ የጠየቀን ሰው ቢኖር አንሳሳትም ነበር። ስማችንን በእንግሊዝኛ የጠየቀን ሰው ቢኖር ግን ዝም ነው።

እሳቸውም ቢሆኑ ከዚህ አመል አልዳኑም። ግስ ሰምተው ሳይቀበሉ ማለፍ አይችሉም። ልብስ ሰፊው ካሳ ሱቅ ተቀምጠው የፈረንጅ ሬዲዮ ሲያዳምጡ፣ ዜና አንባቢው ትንፋሽ ለመውሰድ ፋታ ካገኘ ትንሿን ቃል እሳቸው ይሞሉለታል።

«ኧረ መምህር፣ ሰውየውን ያስጨርሱት!» ይላል ካሳ መቀሱን አስቀምጦ።

«ዘገየ እኮ!» ይላሉ። «የኛ ቤት ቢሆን ይገረፍ ነበር።»

በ1998 ዓ.ም. ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሁሉ በቃል ይፈተን የሚል ትእዛዝ ከበላይ ወረደ። ያለፈ ባለበት ይቆያል፤ የወደቀ አበርገሌ ወርዶ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጥራል። እናትነሽ ዓይኗ የጠፋ እናቷን ትጦር ነበር። አሮጊቷን ይዞ ያን ቆላ መውረድ አይታሰብም፤ ጥሎ መሄድም አይታሰብም። ስለዚህ መምህር ደጅይጥኑ ከወደቁ ብቻቸውን ነው የሚወርዱት። ይህን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር።

ፈታኞቹ ሦስት ነበርን። አንዷ ቀስ ብላ የምትናገር፣ መምህራን ለማሠልጠን በፈቃደኝነት የመጣች ፈረንጅ ናት። ሁለተኛው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው አቶ ፋንታሁን ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ኦኬ» ብቻ ስለሆነ እሷንም ቆጥበው ነው የሚጠቀሙባት። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ በተመለስኩ በዓመቱ፣ በሰኔ ፀሐይ የማይወልቅ የቆዳ ጃኬት ለብሼ።

መምህር ደጅይጥኑ ኮታቸውን ቆልፈው ገቡና ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ሙሉሰው! አንተ ነህ እንዴ የምትፈትነኝ? እሰይ፣ የወለድኩት ሸንጎ ላይ ተቀመጠልኝ!»

እንዲቀመጡ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

ፈረንጇ ጨዋ ሰው ስለሆነች ልታለማምዳቸው ብላ ስለ ራሷ ጀመረች። ከየት እንደመጣች ልትነግራቸው «አይ ኬም» አለችና ትንሽ አሰበች።

«ፍሮም!» አሉ መምህር።

ፈገግ አለች። ወልዲያ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ሁለት ቀን መቆየቷን ልታወራ «አይ ዌይትድ» ከማለቷ «ፎር!» የሚለው ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። በሦስተኛው ላይ ሆን ብላ ቆም ማለት ጀመረች። ስድስት ግስ አቀበለቻቸው፤ ስድስቱንም ተቀበሉ፣ አንዱንም አልሳቱ። ከዚያ ባለፈው እሑድ ምን ሠርተው እንደዋሉ ጠየቀቻቸው።

መምህር አፍ አፏን አዩ። የሚመራ ድምፅ እየጠበቁ ነበር። እሷም መልስ ትጠብቃለች።  የጨነቀው መምህር የሚያደርገውን አደረጉ፤ ወደ ተማሪያቸው ዞሩ።

«ሊስንድ!» አሉኝ።

«ቱ!» አልኩ።

ብድግ ብዬ ቆሜ ነበር። እጆቼ ከኋላዬ ተጣምረዋል። ድምፄ የሰባተኛ ክፍል ድምፅ ነበር።

ፈረንጇ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ አጨበጨበችም። አቶ ፋንታሁን ፈተናው የተሳካ መስሏቸው ያችን «ኦኬ» አወጧት። መምህር ደጅይጥኑም ሳቁ፣ በኩራት። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከወጡ በኋላ ፈረንጇ ሐሳቧን ሰጠች፤ ሰውየው ጭውውት አልለመዱም እንጂ ቃላቱን ከብዙ አሠልጣኝ በላይ ያውቃሉ፣ ክረምቱን ቢለማመዱ ይስተካከላሉ አለች። ስድሳ ሁለት ሰጠቻቸው። ማለፊያው የሦስታችን ነጥብ አማካይ ሃምሳ ሲሆን ነበር።

«ምን አለች?» አሉኝ አቶ ፋንታሁን።

«ጭውውት አልለመዱም አለች» አልኳቸው። የቀረውን አልተረጎምኩም።

«አንተስ ስንት ልትሰጥ ነው? የተማርከው አንተ ነህ፤ እኔ ያንተን ነው የምከተለው።»

ሠላሳ አንድ ጻፍኩ። እሳቸው የተገለበጠ እንዳይመስል ብለው ሠላሳ ሁለት ጻፉ። ቅጹ ላይ «ከሌላ ሰው ጋር የመነጋገር ችሎታ» የሚል ሣጥን ስለነበር ለሰጠሁት ነጥብ ማስረጃ አላጣሁም። እውነተኛው ማስረጃ ግን ያቺ ሴት ፊት ከኋላዬ የተጣመሩት ሁለት እጆቼ ነበሩ።

ውጤቱ በተለጠፈ በሳምንቱ እናትነሽ ገበያ ውስጥ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። ጃኬቴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አምሮብሃል ሙሉሰው» አለች። «ለአበርገሌ ፀሐይ ግን አይሆንም። ደግ አደረግህ፣ አንተ ባለመውረድህ።»

መስከረም ላይ መምህር ደጅይጥኑ ሁለት መጽሐፍና አንድ የሰሌዳ መጥረጊያ አስረክበው የመሸኛ ወረቀታቸውን ሊያስፈርሙ ቢሮዬ መጡ። እኔ ያን ክረምት በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የክፍል ኃላፊ ሆኜ ነበር። ወንበር ስቤ ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ፣ አቶ ሙሉሰው» አሉ።

«ኧረ የኔታ፣ እኔን ‹እርስዎ›? አንተ ይበሉኝ እንጂ፣ ልጅዎ አይደለሁም?»

«ኃላፊ ነዎት» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ የለም፤ የሬዲዮ ዜና የሚያነቡ ይመስላሉ። «ኃላፊ አንተ አይባልም። እኛ ቤት እንደዚያ አልተማርንም።»

ፈረምኩ። ወረቀቱን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ማኅተም ይቀረዋል፤ ያለ ማኅተም እዚያ አይቀበሉኝም።»

ማኅተሙን አንስቼ መታሁ። ጥርት ብሎ ወጥቷል። ግን ደግሜ መታሁ፣ ሦስተኛም መታሁ። እሳቸው ወረቀታቸውን እየጠበቁ ከፊቴ ቆመዋል፤ እኔም ቀና ብዬ ላለማየት እዚያው ላይ እመታለሁ።