ይልማና ሁለቱ መንግሥታት

የትምባሆ ፋብሪካው ሽታ ከሰዎቹ ቀድሞ ይመጣ ነበር። እኛ ከትምህርት ቤት የምንለቀቅበትና ሠራተኞቹ ከሥራ የሚወጡበት ሰዓት አንድ ስለነበረ፣ ገና መታጠፊያው ላይ ሳይደርሱ ያ እርጥብ ሣርና የተቃጠለ ማር የተቀላቀለበት የሚመስል ከባድ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ቀጥሎ ሰዎቹ ይመጣሉ። ካፖርታቸው ይሸታል፣ ፀጉራቸው ይሸታል፣ ሳንቲም ሲሰጡን እንኳ ሳንቲሙ ይሸታል። እናቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤታችን ሲገባ መስኮት የምትከፍተው በዘዴ ነበር፤ እንግዳው እንዳያፍር።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ይልማ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ያው ሽታ አብሮት ገባ። ያው ነው ብል ትክክል አይሆንም፤ የዚያ ሽታ የሥጋ ዘመድ ነው ቢባል ይሻላል። ይልማ አዲስ ሥራ የጀመረበት ሳምንት ነበር። እኔም እንደ እናቴ በዘዴ መስኮቱን ከፈትሁ። ልቤን አንድ ነገር ቅር አለው፤ ምን እንደሆነ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ይልማ በወጣትነቱ በዚያው በሰፈራችን ፋብሪካ የትምባሆ ቅጠል ለቃሚ ነበር። ቅጠሉን በመጠንና በቀለም ይለያል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ይህ ነበር። እኔ በሱዳን በኩል በስደት ወደ አሜሪካ የመጣሁት ከእርሱ ሃያ ዓመት ቀድሜ ስለሆነ እዚያ አንተዋወቅም። እርሱ በዲቪ ሎተሪ ከሚስቱ ከስሜነሽና ከአራት ዓመት ልጁ ከሐሴት ጋር መጣ። በመረዳጃ ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሰፈሬን ብነግረው ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ ውብሸት» እያለ ታናሽ ወንድሜ ሆነ።

ስለ ይልማ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ስንብቱ ነው። ይልማ ተሰናብቶ የማይጨርስ ሰው ነው። ከስብሰባ ሲወጣ የሁሉንም እጅ ይጨብጣል፤ በሩ ጋ ሲደርስ የረሳው ሰው ትዝ ይለዋል፤ ይመለሳል፤ ለዚያ ሰው ሲል እንደገና ሁሉንም ይሰናበታል። ሰውን ደህና ዋል ሳይሉ መውጣት ለእርሱ ሰውየውን እንደ ሞተ መቁጠር ነው። አንድ ጊዜ ስሜነሽ መኪና ውስጥ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ተመልሳ ገባችና፣

«ምነው፣ ወንበሮቹንም ልትሰናበት ነው?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የኔቫዳ ሕዝብ ማሪዋና ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነው በተባለ ጊዜ፣ ማኅበራችንም በጉዳዩ ላይ ተሰብስቦ ተከራከረ። ሰብሳቢው አቶ ኪዳነወልድ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው፤ ሐሺሽ» ሲሉ ከኋላ አንዱ፣ «ይዘው መጥተዋል እንዴ?» አላቸው። ሲሳቅ ቆይቶ ስሜነሽ ተነሣች።

«እኔ ሆቴል ክፍል የማጸዳ ሰው ነኝ። ሲያጨስ ያደረ ሰው ክፍል ስከፍት ራሴን ያዞረኛል። ይኼ ተከልክሎ እያለ ነው። ሲፈቀድማ አልጋውን በዳበሳ ላነጥፍ ነው?»

«እትዬ ስሜ፣ ቢራስ ተፈቅዶ የለም?» አለ ታክሲ ነጂው ዓቢይ። «ታክሱ ለትምህርት ቤት ይሆናል። ለአንዲት ጥቅልል ብሎ እስር ቤት የሚገባው ልጅም ይድናል።»

«አንተማ ምን አለብህ! መንዳት ያቃተው ሁሉ ያንተ ደንበኛ ነው።»

ዓቢይ ራሱ ሳቀ። እኔም ተነሥቼ ተናገርሁ። ተደብቆ ከሚሸጥ ይልቅ ሕግ የሚያውቀው፣ መንግሥት የሚቆጣጠረው ይሻላል አልሁ። ንግግሬ ለራሴ አማረኝ። በመጨረሻ ይልማ እጁን አወጣ። ያኔ ግሪን ካርድ ብቻ ስለነበረው ድምፅ የመስጠት መብት አልነበረውም።

«ትምባሆም እኮ እንደዚሁ ነበር» አለ። «ቅጠሉ አንድ ነው። መንግሥት ማኅተም ካደረገበት ንግድ ነው፤ ካላደረገበት ኮንትሮባንድ ነው። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ስንሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርን፤ ከአጥሩ ውጭ ያንኑ ቅጠል የያዘ ይታሰር ነበር።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በምርጫው ቀን እኔ ይፈቀድ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ። ተፈቀደ።

አራት ዓመት ያህል አልፎ ወረርሽኙ መጣና ካዚኖዎቹ ሲዘጉ፣ ይልማ ወለል የሚያጸዳበት ካዚኖ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ሲከፈትም መልሶ አልጠራውም። በዚያ ጊዜ ሥራ የነበራቸው የማሪዋና ማሳደጊያ መጋዘኖች ነበሩ። ዓቢይ ነው የጠቆመው። መስኮት የሌለው ሰፊ ቤት ነው፤ የደረቀውን አበባ በትንሽ መቀስ ይከረክሙና ያሽጉታል። ይልማ በሁለተኛው ቀን ከሁሉም ፈጣን ሆነ። ጣቶቹ የቀድሞ ሥራቸውን አልረሱም።

ለዚህ ሥራ ከኔቫዳ መንግሥት የሚሰጥ ካርድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን የሞላሁለት እኔ ነኝ። አሻራ ሰጠ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ወንጀል እንደሌለበት ተጣራ፤ ካርዱ ሲመጣ በፕላስቲክ ከተተውና በደረት ኪሱ መያዝ ጀመረ። ለማን ያላሳየው አለ!

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ዝም ብሎ ካርድ አይደለም። መንግሥት መርምሮኝ ንጹሕ ነህ ያለኝ ነው።»

ስሜነሽ ግን አልተዋጠላትም። እርሱ አንድም ቀን አጭሶ እንደማያውቅ ታውቃለች፤ ቢሆንም የሥራ ልብሱን ጋራዥ ውስጥ እንዲያወልቅ አዘዘችው። ኮቱም፣ ሸሚዙም፣ ሁሉም እዚያው ሽቦ ላይ ይሰቀላል። «ቤቴ ሐሺሽ ቤት አይሸትም» አለች፤ እርሱም ታዘዘ።

ባለፈው ዓመት ሆለታ ያለችው እኅቱ ሞተች። የሰማንያ ስድስት ዓመት እናቱን ታስታምም የነበረች እርሷ ነበረች፤ አሁን የቀረ ሰው የለም። እናትን ወደ አሜሪካ ማምጣት የሚችለው ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው። ይልማ እንግሊዝኛውን ፈርቶ ለዓመታት ሲያዘገየው የኖረውን ዜግነት በዚያ ሳምንት ለማመልከት ወሰነ። ዕድሜውና የቆየበት ዘመን ስለሚፈቅድለት በአማርኛ መፈተን ይችላል፤ አስተርጓሚው እኔ ልሆን ተስማማን።

ቅጹን ስሞላለት አንድ ጥያቄ ላይ ደረስሁ። የተከለከለ ዕፅ አምርተህ፣ አዘጋጅተህ ወይም ሸጠህ ታውቃለህ ይላል። እጄ ቆመ። አነበብሁለት።

«አይ በሉ እንጂ!» አለኝ ተቆጥቶ። «እኔ የተከለከለ ነገር ነክቼ አውቃለሁ?»

አይ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እኔ ራሴ በልጅነቴ በግብረ ገብ ትምህርት መንግሥት የሚለው ቃል ሲነሣ በሐሳቤ የምስለው አንድ ትልቅ ሰው ነበር፤ አንድ ራስ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ማኅተም ያለው። አርባ ዓመት እዚህ ኖሬም ያ ሰውዬ ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር።

የዜግነቱ ቃለ መጠይቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ሐሴት ከሰመርሊን ሰፈር ከሥራዋ መጣች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣

«አባ፣ አፖይንትመንቱን ካንስል አድርገው» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሰርች አደረግሁ። ስቴት ነው የፈቀደው፣ ኔቫዳ። ፌዴራል አልፈቀደም። ፌዴራል ጋ አሁንም ክራይም ነው። ሲትዝንሺፕ የሚሰጠው ደግሞ ፌዴራል ነው። አንተ ደግሞ ሥራህን ጽፈሃል። ላውየር እንጠይቅ፣ ፕሊስ።»

ይልማ ፈገግ አለ። «የኔ ልጅ፣ ጠበቃ የሚይዝ ያጠፋ ሰው ነው። ጠበቃ ይዤ ብገባ ምን አጥፍቶ ነው አይሉኝም?»

«ኖ፣ አባ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም! አንተ አትሰማም!»

«ካርዱን የሰጠኝ ማን ነው? ከደመወዜ ታክስ የሚቆርጠውስ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ አርባ ዓመት ኖረዋል። ይኼ አገር ስንት መንግሥት ነው ያለው?»

ወጥ ቤት ሳህን የምታጥበው ስሜነሽ ውሃውን ዘጋች። ሦስቱም እኔን ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ይህ ነገር ያስፈራል፣ እንቅር ማለት ነበረብኝ። ቅጹን የሞላሁት እኔ፣ ይፈቀድ ያልሁትም እኔ ስለሆንሁ ይሁን፣ ብቻ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«መንግሥቱስ አንድ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚለያየው» አልሁ። «ቢሆንም ጠበቃ ብንጠይቅ ምን ይጎዳል?»

ይልማ የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው። «ሰማሽ?» አላት። ሐሴት ትክ ብላ አየችኝ።

በዚያው ሰዓት ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናቸው፤ ጎረቤት ደውሎላቸው ነው። ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገው።

«ማክሰኞ ነው አልከኝ?»

«አዎ እማዬ፣ ማክሰኞ።»

«ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጠኋቸው። እኔ ከሄድኩ ማን ያበላቸዋል ብዬ።»

«ገና ነው እኮ፣ እማዬ! ወራት ይፈጃል።»

«ይሁን። ለምደውት ይቆዩ።»

ውሃው እንደገና ሲፈስ ተሰማ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልወስደው ሄድሁ። ይልማ ለሐሴት ምረቃ የገዛውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራባት አስሯል። መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሽታው ሞላው። ሙሉ ልብሱም ያደረው ጋራዥ ነበር፤ ከሥራ ልብሱ አጠገብ። ዐራቱንም መስኮት ከፈትሁ። በዚያ የበረሃ ነፋስ መንገዱን ሁሉ ብንነዳም ሽታው አልለቀቀም።

በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የተቀበለችን ኦፊሰር የሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሴት ናት፤ ትሑት ናት። እጃችንን አንሥተን ማልን፤ እርሱ እውነት ሊናገር፣ እኔ በትክክል ልተረጉም። ከዚያ ፈተናው ተጀመረ። ይልማ ጥያቄዎቹን ለሁለት ወር ሸምድዷቸዋል።

«በሕገ መንግሥቱ መሠረት አንዳንድ ሥልጣን የፌዴራል ሳይሆን የስቴቶቹ ነው። አንዱን ጥቀስ» ብዬ ተረጎምሁለት።

«መንጃ ፈቃድ መስጠት!» አለ፣ ልክ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

ልክ ነበር። እርሷ ምልክት አደረገች። እኔ ግን ጥያቄውን ገና በገዛ አፌ ስናገረው ሰማሁት። መልሱ ለካ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ አብረን ስናጠናው አንዳችንም አልሰማነውም።

ፈተናውን አለፈ። ኦፊሰሯ ገጹን ገለጠችና፣ «የምትሠራበት ድርጅት ምን ይሠራል?» አለች።

ተረጎምሁ። ይልማ ፊቱ በራ። እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። አትስጣት ልለው ነበር፤ ግን በትክክል ልተረጉም ምያለሁ። ካርዱን አወጣና ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«ማሪዋና» አላት በገዛ እንግሊዝኛው። «ሊጋል። ስቴት ካርድ።»

ኪቦርዱን የሚመቱት ጣቶቿ ቆሙ። ካርዱን አየችው፣ አልነካችውም። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቅ ጀመር። ከመቼ ጀምሮ? በእጅህ ነው የምትከረክመው? ታሽጋለህ? በቀን ስንት ሰዓት? ይልማ ሥራውን ስለጠየቀችው ደስ ብሎት አንድ ቀን ሳይቀር፣ ኦቨርታይም ሳይቀር ነገራት። ከእርሱ የሚፈጥን እንደሌለም ጨመረ። እኔ እያንዳንዱን ቃል ተረጎምሁ። እርሷም እያንዳንዱን ጻፈች። ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ፤ አነበብሁለት፤ ፈረመ።

«ውሳኔው ዛሬ አይሰጥም፤ በደብዳቤ ይደርስሃል» አለች። «ነገር ግን እውነቱን ልንገርህ። ስቴቱ ቢፈቅድም በፌዴራል ሕግ ይህ የተከለከለ ዕፅ ማዘጋጀት ነው። እኔ የምሠራው በፌዴራሉ ሕግ ነው። ደግሞ ጠበቃ ሳታማክር ከአገር እንዳትወጣ፤ ስትመለስ ላያስገቡህ ይችላሉ።»

ይህንንም ተረጎምሁ። ይልማ እርሷን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እማዬም አትመጣም፤ እኔም አልሄድም። እንዲያ ነው ያለችው?»

«እንዲያ ነው» አልሁት።

«ምን አለ?» ብላ ጠየቀች ኦፊሰሯ።

«ገብቶኛል ነው የሚለው» አልኋት። በዚያ ቀን በትክክል ሳልተረጉም የቀረሁት ይህን ብቻ ነው።

ይልማ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እጄን ልሰጠው ግማሽ ብድግ ብዬ ነበር፤ አላየኝም። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው፤ ፎቶግራፉ ወደ ጣሪያው እያየ ፈገግ ብሏል። ይልማ ለእርሷም፣ ለእኔም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ የተቀመጠበትን ወንበር እንኳ ወደ ቦታው ሳይመልስ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።