ማሰሮ ታቅፋ የመጣችው ሴት

ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ሳይበዛ፣ ዕቃ በጋሪ በሚጓጓዝበት ጊዜ ነው። ዓመቱን ረስቼዋለሁ፤ ሙቀቱን ግን አልረሳሁትም። ከቤቴ ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየች ሴት ዕቃዋን በጋሪ አስጭና መጣች። ቀጭን ናት፤ ቀሚሷ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ፣ በሻሿ ጫፍ ተምር የቋጠረች።

ዕቃው ሲወርድ አንድም አላነሳች። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ማሰሮ ታቅፋ፣ በአገጯ ብቻ ታዛለች።

"ኧረ እሜቴ መጡብን!" አለች ጎረቤቴ ዑሙልኸይር፣ ሆን ብላ እንድትሰማት።

ሴትዮዋ ሳቀች። "እሜቴነቱስ በሆነልኝ! ስኳር አለብኝ፣ እህቴ። ከደከምኩ እዚሁ ነው የምዘረርላችሁ።" ቋጠሮዋን ፈትታ አንድ ተምር ጎረሰች።

ባለጋሪው ማሰሮውን ልቀበልሽ ቢላት እምቢ አለች።

"እኔ የያዝኩት መሰለህ? እሱ ነው እኔን የያዘኝ።"

ማሰሮው ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ለስኳሯ የምትወጋው መድኃኒት ነበር። ሙቀት ካገኘው ይበላሻል። የለቀቀችው ቤት እንደ ምድጃ ይግል ነበር አለችን። ይሄን ስትሰማ ዑሙልኸይር "አብሽሪ" ብላ ውሃ አመጣችና ጨርቁን አራሰችላት።

ሴትዮዋ ገብታ ግድግዳዎቹን በመዳፏ ዳሰሰች። ሦስቱ ግለዋል። በጓሮ በኩል፣ የማንጎ ዛፍ ጥላ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ጉንጯን ለጥፋ ቆየች።

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ማሰሮዋን እዚያ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ባለጋሪው ዞራ፣

"በል አሁን አልጋውን ደስ ያለህ ቦታ ጣለው" አለችው።