ለእማማ አስካለ የሠራሁት ሳጥን

ልጅ እያለሁ ከአትክልት ተራ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከዚያም ዞሮ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ፣ እንደኔ ያለ ሳጥን አሳማሪ አልተወለደም ነበር። የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ለጌጣቸው ማስቀመጫ ሲቸግራቸው ደጃችን ላይ ተሰልፈው ይውሉ ነበር ብል የሚከራከረኝ የለም። ሊከራከሩኝ የሚችሉት ሰዎች ወይ ሞተዋል፣ ወይ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከተማው ጫፍ ሄደዋል።

እውነቱን ካላችሁ ግን በዕድሜዬ የሠራሁት አራት ሳጥን ብቻ ነው። የመጀመሪያው አልከደን አለ። ሁለተኛው ተከድኖ አልከፈት አለ፤ ውስጡ የነበሩት ሦስት ብዮቼ እስከ ዛሬ አልወጡም። ሦስተኛውን በዱቄት ሙጫ ስላጣበቅኩት አይጥ በላችው፣ ያውም ጥርሷን አላመማትም። የማወራችሁ ስለ አራተኛው ነው። እሱም ቢሆን ግማሹ የኔ አይደለም።

በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የሳጥን በሽታ ይዞት ነበር። ከቡና ቤቱ ባንኮኒ ሥር የሲጋራ ብርማ ወረቀት እንለቅምና ፊታችንን እስኪያሳየን ድረስ በጥፍራችን ጀርባ እናሸዋለን። የከረሜላ ልጣጭ፣ በውሃ ዘፍዝፈን ከፖስታ ላይ የላጥነው ቴምብር፣ ከመስታወት ቆራጩ ደጃፍ ያነሣነው ስብርባሪ፣ ከተበጠሰ ያንገት ጌጥ የተረፈ ዶቃ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ የካፖርት ቁልፍ፣ ሁሉም ሀብት ነበር። ቀን የወጣለት ደግሞ ከወርቅ ቤቶቹ ጓሮ ቀይ የከፋይ ቁራጭ ያገኛል። ይህን ሁሉ ሰብስበን አናጢው ጋ እንሄድና በቆርቆሮ ከሚያፈላት ኮላ ትንሽ እንለምነዋለን። ኮላው የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል። ዛሬም አናጢ ቤት በር ላይ ሳልፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ያቆመኛል።

የሳጥኑን ግማሽ የሠራችው ሐዋ ናት። ሐዋ የጋሽ ይመር ልጅ ነበረች። ጋሽ ይመር ከወሎ የመጡ፣ ድልድዩ አጠገብ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የኛንና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለነበር እነሱ ቤት ሲያስነጥሱ እኛ ቤት «ይማርህ» ይባላል። እኔና ሐዋ እኩያ ብንሆንም ጣቶቿ ግን ከኔ ሠላሳ ዓመት ይበልጡ ነበር።

«ደሬ፣ ይሄ ሳጥን ነው ወይስ ዝናብ ያፈረሰው ቤት?» ትለኛለች።

«አንቺ ጥበብ አይገባሽም።»

«ጥበቡን ተወውና ክዳኑን አቀብለኝ።»

አራተኛውን ሳጥን ከአትክልት ተራ ባመጣሁት የቲማቲም ጣውላ ሠራሁት። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ሰነበትኩ። መጠኑ የጫማ ካርቶን ያክላል። ውጪውን ብርማ ወረቀት አለበስኩት፣ ዙሪያውን በቴምብር ከበብኩት፣ ክዳኑ ላይ የመስታወት ስብርባሪ ኮከብ አድርጌ ደረደርኩ። ውስጡን ቀይ ከፋይ ያለበሰችው፣ ጠርዙንም በቢጫ ክር እየቆነጠረች የሰፋችው ሐዋ ናት። ሲያልቅ ሁለታችንም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለን አየነው። እንዲያ ያለ ነገር ከእጃችን መውጣቱን ማን ያምናል?

ለማን እንደምሰጠው ያወቅኩት ገና ጣውላውን ስለቅም ነው። ለእማማ አስካለ። እማማ አስካለ ፊት ለፊታችን ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ያልወለዱ፣ ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ላይ ጥጥ የሚፈትሉ ሴት ነበሩ። ስለምወዳቸው ነው የሰጠኋቸው ብዬ ብዙ ጊዜ ለሰው አውርቻለሁ። እወዳቸው ነበር፣ አልክድም። ዋናው ምክንያት ግን ብፌያቸው ነው። የግቢው ሴት ሁሉ እሳቸው ቤት ነበር የሚሰበሰበው። እዚያ ብፌ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ጋዜጣ ላይ እንደወጣ ይቆጠራል።

አንድ ቅዳሜ ወስጄ ሰጠኋቸው። እማማ ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አገላበጡት፣ ከፋዩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ማሙሽ፣ በእጅህ ነው ይሄን የሠራኸው?»

«በእጄ ነው።» ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዞር ብዬ አላየኋትም።

«ይሄማ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነው። እግዜር ይስጥህ። እኔም የማስቀምጥበት አጥቼ ስጨነቅ ነበር» አሉና ጎንበስ ብለው ከአልጋቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ነጭ፣ ስስ፣ ጥለት የሌለው ጨርቅ ነበር።

«ነጠላ ነው?» አልኳቸው።

«መገነዣዬ ነው። ጥጡን ለቅሜ፣ ባዝቼ፣ ራሴ ነኝ የፈተልኩት። ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። ይሄን ለብሼ ነው ፈጣሪዬ ፊት የምቆመው። የገበያ አቡጀዲ ጠቅልለው እንዳይሸኙኝ ለእናትህ ነግሬያታለሁ፤ አንተም ስማኝ።»

ከዚያ ጨርቁን አጥፈው ቀዩ ከፋይ ላይ አስተኙት። ክዳኑን ከደኑ። ሳጥኑን አልጋቸው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ገፉት። የከተማውን ዓይን ሊያሳውር የተሠራ ሳጥን ከጨለማ ገባ። ብፌው ላይ አንድ አሮጌ ቴርሞስ ከነአቧራው ተጎልቶ ያየኝ ነበር።

«እንግዲህ መቼ ነው ሰው የሚያየው?» አለች ሐዋ ስንወጣ። ሣቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች።

ቀልዷን ነበር። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ፤ እማማ ሲሞቱ ነው። የዚያን ቀን ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ሳጥኑ ይወጣል፣ መስታወቱ ያበራል፣ «ማነው የሠራው?» ይባላል። አስቡት እንግዲህ፤ ዐሥር ዓመቴ ነው፣ እጃቸው ላይ ያደግኩባቸውን ሴትዮ ሞት እንደ በዓል እጠብቃለሁ። ሲያስሉ ጆሮዬ ይቆማል። ክረምቱ ውስጥ አልጋ ያዙና ሰፈሩ ደነገጠ። እኔ በቀን ሦስቴ እጠይቃቸዋለሁ፤ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ፊታቸውን አያለሁ። «ይሄ ልጅ ከወለዱት በላይ ነው» እየተባለ ለእናቴ ምስጋና ይጎርፍላታል። መስከረም ሲጠባ እማማ ተሽሏቸው ተነሡ። ሰፈሩ እልል ሲል እኔ ጓሮ ሄጄ ድንጋይ ስራገጥ ዋልኩ።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ትርኢት ሊያደርግ ነው ተባለ። ተማሪ ሁሉ በእጁ የሠራውን ያመጣል፣ መምህሩ ማርክ ይሰጣል። ከክፍሉ አብዛኛው መጥረጊያ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ አልጋ ሥር የተቀበረ የቤተ መንግሥት ዕቃ አለኝ። አዲስ ልሥራ ብል ሐዋ «እጄን አሞኛል» አለችኝ። አላመማትም፤ የዚያን ቅዳሜውን «በእጄ ነው» አልረሳችልኝም።

የትርኢቱ ዕለት ጠዋት እማማ ደጃቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ደብተሬን ይዤ ሳልፍ ጠሩኝ። «ማሙሽ፣ በርዶኛል። ግባና ጋቢዬን አምጣልኝ።» ገባሁ። ጋቢው አልጋው ላይ ነው፣ ሳጥኑ አልጋው ሥር ነው። ብዙ አላሰብኩም። መገነዣውን አወጣሁና ጭቃ እንዳይነካው ተጠንቅቄ ፍራሻቸው ሥር አስገባሁት። ሳጥኑን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፣ ላዩ ላይ ደብተሬን ጫንኩበት። ከሰዓት እመልሰዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ጋቢውን ወስጄ ትከሻቸው ላይ ሳለብሳቸው «እደግልኝ፣ ተመንደግልኝ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከግቢው በር ስወጣ ሐዋ ቆማ ነበር። ፌስታሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

ትምህርት ቤት ሳጥኑን ሳወጣ ክፍሉ ተንጫጫ። መምህራችን ከመጥረጊያዎቹ መካከል እንደ ጠፋ ልጅ ነው ያነሡት። ክዳኑን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ የከፋዩን ጠርዝ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

«በየትኛው እጅህ?» ክፍሉ ሣቀ። ከመሳቢያቸው መርፌና ክር አውጥተው ሰጡኝ። «በል እስቲ፣ እንደዚህ አንድ ስንዝር ስፋልኝ።»

ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት እንኳን አቃተኝ። በምራቄ አረጠብኩት፣ አሾልኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አርባ ልጅ እየቆጠረ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ይላል። መርፌው መሬት ላይ ወደቀ። መምህሩ ስሜን ፈልገው በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ አኖሩብኝ። «የሰፋችውን ልጅ ጥሩ ማርክ አግኝተሻል በላት» አሉኝ። ለምሳ ስንለቀቅ ሳጥኑን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ወደ ቤት መጣሁ።

ጩኸቱን የሰማሁት ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። እማማ አራት ሰዓት አካባቢ «በረደኝ፣ ጋደም ልበል» ብለው ገብተው አልተነሡም። ፌስታሉን ከማገዶው ቁልል ጀርባ ደበቅኩና ገባሁ። ሴቶቹ ቤቱን ገለባብጠውታል። አልጋ ሥር ተንበርክከዋል፣ የብፌውን መሳቢያ አውጥተዋል። እናቴ እንባና ላቧ ተቀላቅሎ «ቃል አስገብተውኛል፣ ቃል አስገብተውኛል» ትላለች። እማማ አልጋቸው ላይ ተኝተዋል። ስምንት ዓመት የፈተሉት ጨርቅ ከሥራቸው ነው፤ አንድ ፍራሽ ነው የለያቸው።

«አንተ፣ ያ የሠራህላቸው ሳጥን የት እንደሄደ አታውቅም?» አለችኝ እናቴ ክንዴን ይዛ።

ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ፍራሹን አንሡት። ግን ማን አስገባው ይባላል፣ ለምን ይባላል፣ ሳጥኑስ ይባላል፣ ዜሮውም ይወጣል።

«አላውቅም» አልኳት።

ሐዋ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታየኝ ነበር።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሮ ስለነበር አንድ ሰው ሮጦ አቡጀዲ ገዛ። የሱቁ ማህተም ጠርዙ ላይ እንዳለ ነበር። በሱ ጠቀለሏቸው፣ በሱ ሄዱ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ። ማልቀስ ስላችሁ እንደ ልጅ አይደለም፤ የሞቱትን ትተው እኔን ማጽናናት እስኪጀምሩ ድረስ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ደግፈው ውሃ አጠጡኝ። «ልጅ አልወለዱም ማን አለ?» አለ አንዱ።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሊያሰጡ ሲያነሡ መገነዣው ወጣ። ማንም እኔን አልጠረጠረም። «ልባቸው ነግሯቸው ነው፣ ራሳቸው አንጥፈው ተኙበት» ተባለ። ወሬው እስከ አትክልት ተራ ደርሶ ተአምር ሆነ። እናቴ ግን ተአምሩ አላጽናናትም። ጨርቁን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መገነዣ ለሌለው ሰው ይሁን ብላ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠችው። ሳጥኑን ሌባ ወሰደው ተባለ። እኔ ከድልድዩ ላይ ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት። እንጨት ስለሆነ አልሰመጠም። መስታወቱ እያብለጨለጨ፣ ከቆሻሻው ጋር እየተንሳፈፈ፣ ለመታየት ያለውን ፍላጎት ሁሉ እያሳየኝ ሄደ።

ዛሬ ያ ሰፈር የለም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሰፊው አስፋልት ሳልፍ የእማማ በር የቱ ጋ እንደነበር በመብራቶቹ መካከል ለመገመት እሞክራለሁ፤ ሳልጨርስ ታክሲው ያልፋል። ሱቆቹ ጥብጣብ የታሰረለት፣ ወርቃማ፣ እንከን የሌለው የስጦታ ሳጥን ደርድረዋል። ልጆች ይገዙታል እንጂ አይሠሩትም። እኛም ተበትነን የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ብቻ ሆኗል።

ዓምና ጋሽ ይመር ሲያርፉ እዚያው ተገናኘን። ድንኳን ውስጥ የድሮ ጎረቤቶቻችን ከበቡኝ፤ «ያኔ እማማ አስካለ ሲቀበሩ እንዴት እንዳለቀሰ!» እያሉ ለልጆቻቸው አሳዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ኋላ ሐዋ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ የጣት ቀለበቷ ከመርፌ ብዛት ተጭሯል።

«ደሬ፣ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳጥኑን አንተ እንደወሰድከው አውቃለሁ። በጣም ጠልቼህ ነበር። ቀብሩ ላይ ስታለቅስ ሳይህ ግን ይቅር አልኩህ። እንደዚያ ተጸጽቶ የሚያለቅስ ልጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።»

«አመሰግናለሁ» አልኳት።

ጸጸቱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከመጣ ወዲህም አልሄደም። ያን ቀን ግን አልነበረም። ለእማማም አልነበረም ያለቀስኩት። ዜሮ ስላገኘሁ ነው።